ጓሳ ላሉት ጋሼ ምስጋና፣ ተማሪ ይዛችሁ ለምትወጡ ደግሞ ጥቆማ

ሰላም የደብረ ብርሃንና የአካባቢው መምህራን፣ ወላጆችም። የሰባተኛ ክፍል ልጆቻችንን ይዘን መንዝ ጓሳ፣ ማህበረሰቡ ራሱ የሚጠብቀው ጥብቅ ቦታ፣ ሄደን ነበር እና ያስጎበኙንን አባት ሳላመሰግን ብቀር ደስ አይለኝም። ስሜን ፌስቡክ ላይ እንዳታወጣ ስላሉኝ ጋሼ እያልኩ ልቀጥል።

የተማሪ ጉዞ እንዴት እንደሆነ ታውቁታላችሁ፣ ባስ ውስጥ ጭፈራ፣ ደርሶ ሰልፊ፣ ምሳ፣ መመለስ። ጋሼ ግን ገና እንደደረስን ልጆቹን መሬት ላይ አስቀመጧቸውና ከቤታቸው ይዘውት የመጡትን ደረቅ ጓሳ ሳር አከፋፍለው ገመድ አስገመዷቸው። ጣሪያው፣ ገሳው (የሳር የዝናብ ካባ)፣ መጥረጊያው ሁሉ ከዚሁ ሳር እንደሚሰራ እያወሩ። አንዷ ልጅ ታዲያ ለምን ሁልጊዜ አታጭዱትም አለቻቸው፣ እሳቸውም የጠበቁት ጥያቄ ነበር መሰለኝ ቀሮ ስለሚባለው የድሮ የሳር ጥበቃ ሥርዓት ማውራት ጀመሩላቸው። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ አባቶች ቦታውን ለዓመታት ይዘጉት እንደነበር፣ በበጋ ሲከፈት ብቻ እንደሚታጨድ፣ በ1967 የመሬት አዋጅ ሥርዓቱ እንደፈረሰ፣ ኋላ ደግሞ ሕዝቡ ራሱ መልሶ ጥበቃውን እንዳቆመ። እኔ ክፍል ውስጥ "የተፈጥሮ ሀብት ጥበቃ" ብዬ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስጽፍ የሚያንቀላፋው ልጅ እዛ አፉን ከፍቶ ሲሰማ ነበር በቃ።

ውሃው ግማሹ ወደ አባይ ግማሹ ወደ አዋሽ እንደሚወርድ ሲነግሯቸው ደግሞ አንዱ "እዚህ ብሸና ግብጽ ይደርሳል?" ብሎ ሁላችንንም አሳቀን፣ ጋሼ ግን ሳይቆጡ በየት በየት እንደሚሄድ በእጃቸው እያመለከቱ አስረዱት።

ከሁሉም የሚገርመው ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ናቸው። ቀበሮዋ ሳር በሚግጡት ጭላዳዎች መሀል ቀስ ብላ ስትሄድ አይሸሹም! ጋሼ ልጆቹን ዝም አሰኝተው አይጥ ስትይዝ አሳዩዋቸው፣ ከዝንጀሮዎቹ ጋር ስትሆን አደኑ ይቀናታል አሉን። እኔ ቤት ገብቼ ሳጣራ እውነትም እዛው ጓሳ ላይ የተሰራ በ2015 እ.ኤ.አ የወጣ ጥናት አለ፣ ከጭላዳ ጋር ሆና ስታድን 67 በመቶ ይሳካላታል፣ ብቻዋን ስትሆን 25 በመቶ። ጋሼ ጥናቱን አላነበቡትም፣ ቀበሮዋን እያዩ ነው ያረጁት።

መሄድ ለምትፈልጉ፣ ከጣርማ በር ወደ መሀል ሜዳ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው፣ የማህበረሰቡ ሎጅ ጋ ገሳ ለብሰው ተማሪ የሚያስጎበኙት አባት የት ናቸው ብትሉ ያገናኟችኋል። ብዙ ልጅ ባንዴ አይቀበሉም፣ ጩኸት ካለ እንስሳው ይሸሻል ይላሉ፣ ስለዚህ ክፍል በክፍል ከፋፍላችሁ ሂዱ። ከ3200 ሜትር በላይ ስለሆነ ብርዱ ቀልድ አይደለም፣ ጃኬትና ዝግ ጫማ ይዘው ይምጡ በሏቸው። ክረምት ላይ ባትሞክሩት ይሻላል፣ ጭቃና ጉሙ ምንም አያሳያችሁም። ጋሼ እድሜ ይስጥዎት፣ የስምንተኛ ክፍሎቹም እኛስ መቼ ነው እያሉ ነው 🙏