ዘንጉ ስንት ጫማ ይሁን? ቆይ፣ መጀመሪያ ጫማ ግዙ

እዚህ ኮሎራዶ፣ ዴንቨርና ኦሮራ ያሉ ጓደኞቼ ፍላይ ፊሺንግ የሚባለውን ዓሣ ማጥመድ ሊጀምሩ ሲያስቡ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፦ «ባለ ስንት ጫማ ዘንግ ልግዛ?» የኔም መልስ አንድ ነው። መጀመሪያ የእግርህን ጫማ ግዛ። ሲሰሙኝ ይስቃሉ። እኔ ግን የምሬን ነው። በመኸር ወቅት ክሊር ክሪክ የሚባለው ወንዝ ላይ የሚያዘው ብራውን ትራውት የተባለ ዓሣ ብዙ ጊዜ ከቆማችሁበት ከአምስት ስድስት ሜትር አይርቅም። ሺህ ዶላር የወጣበት ዘንግ ጉልበቱን የሚያሳይበት ቦታ የለም። ውሃው ግን አጥንት ይሰብራል፣ ድንጋዩም ሳሙና ነው።

ለጀማሪ ባጭሩ ላስረዳ። በተለመደው ማጥመጃ የምትወረውሩት ጫፉ ላይ ያለውን ክብደት ነው። ፍላይ ግን ነፍሳት እንዲመስል መንጠቆ ላይ የተጠመጠመ ላባና ፀጉር ስለሆነ ምንም አይመዝንም ማለት ይቻላል፤ ተወርውሮ እሱን ይዞ የሚሄደው ወፍራሙ ገመድ ነው። ዘንጉ ላይ የተጻፈው ቁጥርም የሚሸከመውን ገመድ ክብደት ይነግራችኋል። የ3 ቁጥር ገመድ የመጀመሪያዎቹ 30 ጫማ 6.5 ግራም ገደማ ይመዝናሉ፣ የ5 ቁጥር ደግሞ 9 ግራም ገደማ።

ወደ ምርጫው ስንመጣ ሰው የሚያመነታው በሁለት መካከል ነው። አንዱ 7 ጫማ ተኩል ባለ 3 ቁጥር፣ ሌላው 9 ጫማ ባለ 5 ቁጥር። ሱቅ ስትገቡ «ወንዙ ትንሽ ከሆነ አጭሩን ውሰድ» ይሏችኋል። እኔም አምኜ ነበር። ባለፈው ጥቅምት አንድ ቅዳሜ የጓደኛዬን አጭር ዘንግ ተውሼ ሁለቱንም ይዤ ከጎልደን ከተማ ሽቅብ፣ በሀይዌይ 6 ጠርዝ ወዳለው ሸለቆ ወጣሁ። እዚያ ውሃው በትልልቅ ቋጥኞች መሀል እየተገለባበጠ ይወርዳል፣ ዓሣው ደግሞ ከቋጥኙ ጀርባ ባለችው የጠረጴዛ ስፋት በማትሞላ ጸጥ ያለች ውሃ ውስጥ ይቆማል። በአጭሩ ዘንግ ስወረውር ገመዱ መሀል ላይ ያለው ፈጣን ውሃ ላይ ይወድቃል፣ ፈጣኑ ውሃ ገመዱን ይጎትታል፣ ፍላዩም ልክ በሞተር እንደሚጎተት ይሮጣል። እንዲህ የሚሮጥ ነፍሳት ዓሣው አይቶ አያውቅም፣ ዝም ይላል። በረጅሙ ግን እጄን ከፍ አድርጌ ገመዱን ከፈጣኑ ውሃ በላይ አንጠለጠልኩትና ፍላዩ እዚያች ጸጥታ ውስጥ አራት አምስት ሰከንድ ቆየ። በቃ፣ ያዘ። ሃያ አምስት ሳንቲሜትር ገደማ፣ ሆዱ ቅቤ የመሰለ፣ ጎኑ ላይ ቀይ ነጠብጣብ ያለበት።

አጭሩ የሚያሸንፍበት ቦታ አለ። ወደ ላይ፣ ዛፍና ቁጥቋጦ ግራና ቀኝ የጋረዳቸው ትንንሽ ገባሮች ላይ 9 ጫማ ዘንግ ይዞ መግባት በታክሲ ውስጥ መሰላል እንደመያዝ ነው። ትንሽ ዓሣንም በ3 ቁጥር መታገል ይበልጥ ደስ ይላል። ነገር ግን በመኸር ትልቁን ብራውን ለመሳብ ስትሪመር የሚባለውን ከባድ ፍላይ መወርወር ከፈለጋችሁ 3 ቁጥር ይንገዳገዳል። አንድ ብቻ የሚገዛ ሰው 9 ጫማ ባለ 5 ይግዛ። ከ150 እስከ 250 ዶላር ባለው ዋጋ ዘንግ፣ ሪልና ገመድ አብሮ የሚሸጠው ጥቅል ይበቃል። ለዚህ መጠን ዓሣ ሪል ማለት ገመድ ማስቀመጫ ነው፣ ገንዘብ አታባክኑበት።

አሁን ጫማው። የሶሉ ነገር ሁለት ነው፣ ፌልት ወይም ጎማ። ፌልት እንደ ወፍራም ሱፍ ነው፣ አልጌ የለበሰ ድንጋይ ላይ ጥፍር ያለው ይመስል ይቆነጥጣል። ታዲያ ለምን አልገዛውም? አንደኛ፣ ቶሎ አይደርቅም፣ ከአንዱ ወንዝ ወደ ሌላው ጎጂ ጥቃቅን ፍጥረታትን ይዞ ይሄዳል። የሎውስቶን ብሔራዊ ፓርክ ከ2018 ጀምሮ የከለከለው ለዚህ ነው። ሁለተኛው ግን በራሴ የደረሰ ነው። ኅዳር መግቢያ ላይ በረዶ ጥሎ ሳለ ከመኪናዬ እስከ ወንዙ ስሄድ እርጥቡ ፌልት በረዶውን እየሰበሰበ፣ እየሰበሰበ፣ አሥር ሳንቲሜትር ታኮ አበቀለልኝ። እንደ ሙሽራ እየተንገዳገድኩ ደረስኩ፣ ውሃው ጠርዝ ላይ ወደቅኩ፣ በደረቴ በኩል ውሃ ገባ። የዌደሬን፣ ማለትም ውሃ የማያስገባውን ሱሪዬን፣ ቀበቶ አላሰርኩም ነበር። ቀበቶውን እሰሩ፣ እባካችሁ! ከዚያ ወዲህ ጎማ ሶል ላይ የብረት ሚስማር የተገጠመለት ነው የማደርገው። እንደ ፌልት አይቆነጥጥም፣ ግን ለሁሉም ይሆናል።

ዌደርን በተመለከተ፣ መስከረም ላይ ያለሱ በቁምጣ መግባት ይቻላል። ጥቅምት አጋማሽ ካለፈ አይሞከርም። እስከ ደረት የሚደርሰውን፣ አየር የሚያስወጣውን ግዙ። የጎማው ርካሽ ነው፣ ግን ስትራመዱ ውስጡ በላብ ይሞላል።

ጫፉ ላይ የሚታሰረው ቀጭን ክር ናይለን ወይስ ፍሎሮካርቦን? ፍሎሮካርቦን ይሰምጣል፣ ድንጋይ ሲነካው ቶሎ አይበጠስም፣ ዋጋው ግን ወደድ ይላል። ላይ ላዩን በሚንሳፈፍ ፍላይ ከሆነ ናይለን ነው። በመኸር ውሃው ጎድሎ እንደ መስታወት ስለሚጠራ ዓሣው ጥላችሁንም ወፍራም ክርንም አይቶ ይሸሻል፣ ስለዚህ 5ኤክስ የሚባለውን፣ 0.15 ሚሊሜትር ውፍረት ያለውን ውሰዱ።

አንድ ነገር ከመርሳቴ በፊት፦ ብራውን ትራውት የሚራባው በዚሁ ወቅት ነው። ጠጠሩ መሀል ከሌላው ፈካ ብሎ የተጠረገ ክብ ቦታ ካያችሁ እንቁላሉ እዚያ ነው ያለው። አትርገጡት፣ ላዩ ላይ ያለውንም ዓሣ ተዉት። ዕድሜው 16 የሞላ ሁሉ ፈቃድ ማውጣት እንዳለበት መቼም ታውቃላችሁ። እኔ የያዝኩትን እለቃለሁ፣ ባለቤቴ «ስድስት ሰዓት ቆመህ ባዶ እጅህን?» ብትለኝም።

ዓሣው ራሱ እንደኛ መጤ ነው። እንቁላሉ ከጀርመን ወደ አሜሪካ የመጣው በ1883 ነው። እኛም አገር፣ ባሌ ተራሮች፣ ወይብ ወንዝ ላይ ከኬንያ የመጣ ዘመዱ አለ። ዘንድሮ ልሞክረው ብዬ ዘንጌን ለካሁት፤ 9 ጫማው አራት ቦታ ይነቀላል፣ አንዱ ቁራጭ 70 ሳንቲሜትር ገደማ ነው፣ ሻንጣዬ ውስጥ ገባ። ጫማው ግን ለብቻው ስንት ኪሎ ነው! እናቴ ያዘዘችኝ ዕቃ 23ቱን ኪሎ ጨርሶታል፣ እስካሁን እየተደራደርን ነው።