ስለ ዘር ስንጽፍ፦ ትኩሱን ወይስ አሳድሮ?

አሜሪካ ከመጣሁ ወዲህ ስለ ቆዳ ቀለም የምጽፈው በሁለት መንገድ ነው።

ትኩሱን፦ ከሥራ ስወጣ፣ አውቶቡስ ውስጥ፣ በስልኬ። ይቀላል፤ ሱቅ ውስጥ ከኋላዬ የተከተለኝን ጥበቃ የጫማ ድምፅ ሳይቀር ይይዝልኛል። ግን በቁጣ የጻፍኩት ከወዳጅ ያቀያይመኛል።

አሳድሮ፦ ጠዋት፣ ቡናዬን ይዤ፣ በደብተር። ጊዜ ይበላል፤ ስሜቱም ይበርዳል። ግን የሌላው ሐሳብ የሚሰማኝ ያኔ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ ቅጽ "ጥቁር" ከሚለው ሥር ኢትዮጵያዊን በምሳሌነት ጠቅሶ ነበር። አጎቴ "እኛማ ሐበሻ ነን" አሉ፤ እዚህ የተወለደችው ልጄ "እኔ ጥቁር ነኝ" አለች። የአጎቴ ኩራት ይገባኛል። የማደላው ግን ለልጄ ነው፤ ጥበቃው ሲከተለኝ ከየት እንደመጣሁ አልጠየቀኝም።

የደረሰብኝን ለመመዝገብ ትኩሱን፣ ከዘመድ የተለያየሁበትን ለመጻፍ ግን ማሳደሩን እመርጣለሁ።