ከውስጥ ብቻ፣ ከሁለቱም ወገን ወይስ ያለ ሽፋን? የውድ ሰዓቶች መስታወት ንጽጽር

ውድ ሰዓት ለመግዛት የተነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው ስለ ሞተሩ፣ ውኃ ስለ መቋቋሙና ስለ ስሙ ነው። መስታወቱን ካነሣም ሻጩ «ሳፋየር ነው፣ አይጫርም» ይለውና ወሬው እዚያው ያበቃል። እኔ ግን በሁለት ተቀራራቢ ሰዓቶች መካከል ለሚያመነታ ሰው መጀመሪያ የማነሣለት ጥያቄ ይህ ነው፦ ጸረ ነጸብራቅ ሽፋኑ ከውስጥ ብቻ ነው፣ ከውስጥም ከውጭም ነው፣ ወይስ ጨርሶ የለም? ሞተሩን የሚያየው ሰዓት ሠሪው ነው። እናንተ ዕድሜ ልካችሁን የምታዩት በመስታወቱ በኩል ያለውን ነው።

ምርጫዬን ከወዲሁ ልናገር። አንድ ሰዓት ገዝቶ በየዕለቱ ለሚያስር ሰው ሽፋኑ ከውስጥ ብቻ የሆነ ሳፋየር ይሻለዋል። ከሁለቱም ወገን የተለበጠው ከዚህ የበለጠ ጥርት ያለ መሆኑን አልክድም፤ ዋጋውን የሚያስከፍለው ግን ቆይቶ ነው።

ሳፋየር ለምን ይበልጥ ያንጸባርቃል?

በሰዓት ላይ ያለው ሳፋየር ከመሬት የተቆፈረ ዕንቁ ሳይሆን በፋብሪካ የሚሠራ የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ክሪስታል ነው። በሞህስ የጥንካሬ መለኪያ 9 ላይ ተቀምጧል፤ በላዩ ያለው 10 የሆነው አልማዝ ብቻ ነው። ተራው ሚኒራል መስታወት ከ5 እስከ 6 አካባቢ፣ አክሪሊክ የተባለው ግልጽ ፕላስቲክ ደግሞ 3 ገደማ ላይ ነው። በጭረት በኩል እንግዲህ ክርክር የለም።

በብርሃን በኩል ግን ነገሩ ይገለበጣል። አንድ ግልጽ ነገር ብርሃንን ይበልጥ በሰበረ ቁጥር ከገጹ ላይ ይበልጥ ይመልሳል። የሳፋየር የስብረት መለኪያ 1.77፣ የሚኒራል መስታወት 1.52፣ የአክሪሊክ 1.49 ገደማ ነው። በዚህ የተነሣ ያልተለበጠ ሳፋየር ከአንድ ገጹ ብቻ 8 በመቶ የሚጠጋውን ብርሃን ይመልሳል። መስታወት ደግሞ ላይና ታች ሁለት ገጽ ስላለው ድምሩ 15 በመቶ ይደርሳል። ሚኒራል መስታወትና አክሪሊክ በሁለቱም ገጻቸው ተደምሮ የሚመልሱት 8 በመቶ አካባቢ ነው። ብዙ ገንዘብ የተከፈለበት መስታወት፣ ሽፋን ከሌለው፣ ከርካሹ በእጥፍ ያንጸባርቃል ማለት ነው።

ሽፋኑ የሚሠራውም እዚህ ላይ ነው። በጣም የታወቀው ዓይነት ማግኒዚየም ፍሎራይድ የሚባል ነገር አየር በሌለበት ክፍል ውስጥ ተንኖ መስታወቱ ላይ እንዲያርፍ በማድረግ ይሠራል። ውፍረቱ 100 ናኖሜትር ያህል ነው፤ የሰው ፀጉር ከዚህ 500 ጊዜና ከዚያም በላይ ይወፍራል። ከሽፋኑ የላይ ገጽ የሚመለሰው ብርሃንና ከሥሩ የሚመለሰው ብርሃን ተገናኝተው እርስ በርስ ይጣፋሉ። ውፍረቱ የሚለካው ዓይናችን ይበልጥ ለሚያየው ለአረንጓዴው ብርሃን ተብሎ ስለሆነ ከሰማያዊና ከቀይ ጥቂት ይተርፋል፤ የተለበጡ መስታወቶች ወደ ወይን ጠጅ ወይም ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጥላ የሚያሳዩት ለዚህ ነው። ዘዴውን በ1935 እ.ኤ.አ. በጀርመን የዛይስ ኩባንያ ውስጥ ያስመዘገበው ኦሌክሳንደር ስማኩላ ነበር፤ ያኔ የታሰበው ለካሜራና ለአጉሊ መነጽር ሌንስ ነው። ዛሬ የሰዓት ፋብሪካዎች ከአንድ ንብርብር በላይ እየደራረቡ ይለብጣሉ።

ከውስጥ ብቻ የተለበጠው

አሁን ሒሳቡን እዩት። የሳፋየሩ የውስጥ ገጽ ሲለበጥ ከዚያ ወገን ይመጣ የነበረው ነጸብራቅ ይጠፋል ማለት ይቻላል። የሚቀረው የላይኛው ገጽ 8 በመቶ ነው። ይኸውም ያልተለበጠ ተራ መስታወት ከሚያንጸባርቀው ጋር እኩል ነው። ከውስጥ የተለበጠ ሳፋየር ተአምር አይሠራም፤ የሳፋየርን ጉድለት አንሥቶ ወደ ተራው መስታወት ደረጃ ይመልሰዋል እንጂ። ጥንካሬው ግን የሳፋየር እንደሆነ ይቀራል፤ ሽፋኑም ምንም ነገር ሳይነካው ከሰዓቱ ጋር ያረጃል። እኔ ይህን የምመርጠው ለዚህ ነው፦ የገዛችሁት ቀን ያያችሁት ከአሥር ዓመት በኋላም የምታዩት ነው።

የጃፓኑ ሰዓት ሠሪ ግራንድ ሴይኮ ይህን መንገድ ይከተላል። «ስኖውፍሌክ» በሚል ስም የሚታወቀው ነጭ ፊት ያለው ሰዓቱ ከውስጥ ብቻ የተለበጠ ሳፋየር አለው፤ ይህ ሰዓት በደብዛዛ ብርሃን እንኳ አይታይም ሲባል ሰምቼ አላውቅም። ምክንያቱ የፊቱ ነጭነት ነው። ነጭ ወይም ብርማ ፊት ራሱ ብዙ ብርሃን ስለሚመልስ ከመስታወቱ የሚመጣው 8 በመቶ አይሸፍነውም። ጥቁርና ደብዛዛ ፊት ግን የሚመልሰው ብርሃን ከመስታወቱ ነጸብራቅ ሊያንስ ይችላል። ስለዚህ ሽፋኑን ከፊቱ ቀለም ነጥላችሁ አትመዝኑት።

ከሁለቱም ወገን የተለበጠው

አይደብሊውሲ የፓይለት ሰዓቶቹን፣ ብራይትሊንግም ናቪታይመሩን ከሁለቱም ወገን ይለብጣል። ልክ ናቸው። የፓይለቱ ሰዓት ፊት ጥቁር ነው፤ ናቪታይመር ደግሞ ዙሪያውን በጥቃቅን የማስሊያ ቁጥሮች የተሞላ ስለሆነ ትንሽ ነጸብራቅ እንኳ ንባቡን ያበላሻል። በደንብ በተሠራ ድርብ (የሁለት ወገን) ሽፋን የሚቀረው ነጸብራቅ 1 በመቶ አካባቢ ነው፤ አንዳንዱን በትክክለኛው ማዕዘን ስታዩት መስታወት የሌለው ይመስላል። ጣታችሁን ወደ ሰዓት ቆጣሪው ልትሰዱ ይቃጣችኋል። ይህን ላየ ሰው ሌላው ሁሉ ደብዝዞ እንደሚታየው አውቃለሁ።

ችግሩ የሚጀምረው ቤት ከገባ በኋላ ነው። ሳፋየሩ 9 ቢሆንም በላዩ ያለው ሽፋን እንደዚያ አይደለም፤ ማግኒዚየም ፍሎራይድ ከ7 በታች ነው። 7 ያለው ደግሞ ኳርትዝ ነው፤ ኳርትዝ ማለት አሸዋ ነው። የግንባታ አቧራ በሚበዛበት ከተማ የሚውል ሰው፣ በዱባይና በሪያድ ያላችሁም ጭምር፣ ሰዓታችሁን በሸሚዝ እጀታ በጠረጋችሁ ቁጥር አሸዋውን በሽፋኑ ላይ እየጎተታችሁ ነው። በሽፋኑ ላይ የሚወጣው ጭረትም ከተራ ጭረት ይልቅ ይታያል። ሽፋኑ በተገፈፈበት መስመር ላይ ያ 8 በመቶ ነጸብራቅ ስለሚመለስ፣ በጨለማው መስታወት ላይ ነጭ ክር ሆኖ ይወጣል። አዳዲሶቹ ድርብርብ ሽፋኖች ከጥንቶቹ ይጠነክራሉ፤ ከሥራቸው ያለውን ሳፋየር ያህል ግን አይጠነክሩም።

የጣት አሻራም ሌላው ጣጣ ነው። የቆዳ ቅባት የሽፋኑን ሥራ ስለሚያዛባ፣ ባልተለበጠ መስታወት ላይ ብዙም የማይታየው አሻራ እዚህ ቀለማም እድፍ ይሆናል። በመነጽር ጨርቅ ይለቃል፤ ግን መጀመሪያ በንጹሕ ውኃ አለቅልቁት፣ ከዚያ ጥረጉት።

ሰዓቶችን እያቀያየረ የሚያስር፣ ጥቁር ፊት የሚወድ፣ በቢሮ ውስጥ የሚውልና ዕቃውን በጥንቃቄ የሚይዝ ሰው ድርቡን ቢወስድ አይጸጸትም። በእጁ የሚሠራ ሰው ግን አይውሰድ።

ስፒድማስተር፦ አንድ ሰዓት፣ ሁለት መስታወት

ንጽጽሩን በአንድ ሰዓት ላይ ማየት ለሚፈልግ ከኦሜጋ ስፒድማስተር ፕሮፌሽናል የተሻለ የለም። በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣው፣ 3861 የተባለው ሞተር ያለበት ሰዓት በሁለት መልክ ይሸጣል፦ አንዱ ኦሜጋ ሄሳላይት የሚለው አክሪሊክ፣ ሌላው ሳፋየር። ሁለቱም 42 ሚሊሜትር ናቸው፣ ሞተራቸውም አንድ ነው። የሳፋየሩ ዋጋ ከፍ ይላል፤ ጀርባውም ግልጽ ስለሆነ ሞተሩን ያሳያል፣ በፊቱ ላይ ያለው የኦሜጋ ምልክትም የታተመ ሳይሆን የተለጠፈ ነው።

ናሳ በ1965 እ.ኤ.አ. ሰዓቱን ለጠፈርተኞች ብቁ ነው ሲል መስታወቱ አክሪሊክ ነበር። አክሪሊክ ሲመታ ይሰነጠቃል እንጂ እንደ መስታወት ወደ ስብርባሪ አይበተንም፤ ክብደት በሌለበት ጠባብ ክፍል ውስጥ የሚንሳፈፍ ስብርባሪ ምን እንደሚያደርግ አስቡት።

ጎን ለጎን ስታስቀምጧቸው ሄሳላይቱ ያለ ምንም ሽፋን የሚያንጸባርቀው 8 በመቶ እንኳ አይሞላም። በዚያ ላይ ነጸብራቁ ለስለስ ያለ፣ ሞቅ ያለ መልክ አለው። ሳፋየሩን በጎን ስታዩት ከፍ ብሎ የተቀረጸው ጠርዙ ብርሃን ይሰበስብና በፊቱ ዙሪያ ወተት መሳይ ቀለበት ይሠራል። አንዳንዱ ይወደዋል፤ እኔ ከጥቁሩ ፊት ጋር አይዋጥልኝም። ሄሳላይቱ በሩን ሲነካ ይጫራል፤ ግን ፖሊዋች የተባለውን ቅባት በጨርቅ አድርጋችሁ ለጥቂት ደቂቃ ብትወለውሉት ጭረቱ ይጠፋል። ሳፋየር ላይ ይህን ማድረግ አይቻልም። ስለዚህ ለስፒድማስተር ብቻ ምርጫዬ ሄሳላይቱ ነው፤ ጭረት ባየ ቁጥር ልቡ ለሚደማ ሰው ግን ሳፋየሩን እመክራለሁ።

ሮሌክስን በአጭሩ ልለፈው። ለረጅም ዘመን ዋናውን መስታወት ሳይለብጥ፣ ቀኑን በምታጎላው ትንሿ ሌንስ ላይ ብቻ ሽፋን ሲያደርግ ቆይቷል። ፀሐይ ላይ ቀኑ ጥርት ብሎ ታይቶ የቀረው ፊት ሰማይ የሚያንጸባርቅበት ሰዓት ካያችሁ ምክንያቱ ይህ ነው። እንደ ሞዴሉና እንደ ዘመኑ ስለሚለያይ በስም ብቻ አትፍረዱ፤ ፈትሹ።

ሱቅ ውስጥ እንዴት ይፈተሻል?

የሱቅ መብራት ሁሉንም ሰዓት ያሳምራል፤ መጀመሪያ ሰዓቱን ወደ በሩ ወይም ወደ መስኮቱ እንዲወስዱላችሁ ጠይቁ። ከዚያ የስልካችሁን መብራት አብርታችሁ በመስታወቱ ላይ ትንሽ ከጎን አብሩበት። ቀስ ብላችሁ ሰዓቱን ስታዘነብሉት በጣም የተቀራረቡ ሁለት የመብራት ነጥቦች ታያላችሁ፤ አንዱ ከላይኛው ገጽ፣ ሌላው ከታችኛው የመጣ ነው። ሁለቱም ደማቅ ነጭ ከሆኑ ሽፋን የለም። አንዱ ደማቅ ነጭ፣ ሌላው ደብዛዛ ሰማያዊ ወይም ወይን ጠጅ ከሆነ የተለበጠው በአንድ ወገን ነው፤ ይህም ማለት ይቻላል ሁልጊዜ የውስጡ ነው። ሁለቱም ደብዛዛና ቀለማም ከሆኑ ድርብ ነው። ጉብ ያለ መስታወት ነጥቦቹን ያጣምማቸዋል፣ ቀለማቸውን ግን አይቀይረውም። ሻጩ «ሁለቱም ወገን» ብሎ አንዱ ነጥብ ነጭ ሆኖ ከታያችሁ ዓይናችሁን እመኑ።

ያገለገለ ሰዓት ስትገዙ

ባለቤቱ «ሳፋየሩ ተጭሯል» ብሎ ዋጋ ቢቀንስላችሁ ጭረቱን በጥፍራችሁ ጫፍ ዳሱት። ጥፍር የማይይዘው፣ በመብራት ብቻ የሚታይ ቀጭን ክር ከሆነ የተጎዳው ብዙውን ጊዜ ሳፋየሩ ሳይሆን የውጭ ሽፋኑ ነው። አንዳንድ ሰዓት ሠሪ የውጭውን ሽፋን በአልማዝ ቅባት ወልውሎ ሙሉ በሙሉ ያነሣዋል፤ ውጤቱ ከውስጥ ብቻ የተለበጠ መስታወት ነው፣ ያ ደግሞ ክፉ አይደለም። ዋስትናው ገና ላላለቀ ሰዓት ግን ይህን አታድርጉ።

መስታወቱ የሚቀየር ከሆነ የሥሩ ጎማ አብሮ መለወጥና ሰዓቱ በግፊት ተፈትኖ ውኃ እንደማያስገባ መረጋገጥ አለበት፤ ይህ ሳይደረግ ተቀብሎ መሄድ አይገባም። የሚገባው መስታወት ከፋብሪካው ካልሆነ በቅርጹ ቢገጥምም ሽፋኑ ሌላ ሊሆን ይችላል፤ በርካሽ የሚገኙት ብዙዎቹ ጨርሶ ያልተለበጡ ናቸው። ሥራው ከመጀመሩ በፊት የመስታወቱ ዓይነትና ሽፋኑ በየትኛው ወገን እንደሆነ በደረሰኙ ላይ ይጻፍላችሁ።