የዘር ሐረግ ለምታፈላልጉ፦ ምስጋናና ጥቆማ

የባለቤቴ ወገን የዘር ሐረግ ፔንሲልቬንያ፣ ቼስተር ካውንቲ ውስጥ በ1730ዎቹ ባሏ የሞተባት አንዲት የኩዌከር (ከእንግሊዝ የተነሳ የክርስትና እምነት ክፍል) ሴት ጋ ሲደርስ ይቋረጥ ነበር። ሴትዮዋ እንደገና ማግባቷን በማስረጃ አረጋግጣ ሐረጉን የቀጠለችልን ባለሙያ ከልብ ትመስገን። ስሟ አደባባይ እንዲወጣ ስለማትፈልግ አድራሻዋን የምትሹ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ። ሥራዋን ግን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ያስተካከለችው ቀኑን ነው። በእንግሊዝ ቅኝ ግዛቶች እስከ 1752 ድረስ አዲስ ዓመት የሚገባው ማርች 25 ነበር። ኩዌከሮች የወራቱ ስም ከጣዖት የመጣ ነው ብለው በቁጥር ይጽፋሉ፤ 1ኛ ወር ማርች፣ 12ኛ ወር ፌብሩዋሪ። ስለዚህ «12ኛ ወር 1736» በዛሬው አቆጣጠር ፌብሩዋሪ 1737 ነው። ኢንተርኔት ላይ የሚዞረው ሐረግ ወሩን ቀይሮ ዓመቱን እንዳለ ስለተወው፣ ሴትዮዋ ባሏ በ9ኛው ወር 1736 (ኖቬምበር) ሳይሞት በፊት «መበለት» ተብላ መሸኛ የጠየቀች ትመስላለች። መፍትሔ ተብሎ አንዷ ሴት ሁለት ሴቶች ተደረገች! መስከረምንና ጃንዋሪን ጎን ለጎን ይዘን ለምንኖር ለእኛ ነገሩ እንግዳ አይደለም።

ቀጥሎ የመሸኛው ጉዳይ። ኩዌከር አካባቢ ሲቀይር ከወርኃዊ ጉባኤው (የአካባቢው ኩዌከሮች ጉዳያቸውን በየወሩ ከሚያዩበት ስብሰባ) መሸኛ ይዞ ወደ አዲሱ ጉባኤ ይሄዳል። ባለሙያዋ ተቀባዩን ጉባኤ ለይታ የሴቶቹን ቃለ ጉባኤ ገጽ በገጽ አነበበች፤ የወንዶቹና የሴቶቹ ለየብቻ ስለሚያዝ ብዙ ሰው የወንዶቹን ብቻ አይቶ ይመለሳል። በሥርዓቱ ተጋቢዎቹ ሐሳባቸውን በሁለት ተከታታይ ወርኃዊ ጉባኤዎች ያሳውቃሉ። በመሐሉ ሁለት ሴቶች ተመርጠው ሙሽራዋ ለሌላ ሰው ቃል አለመግባቷን ያጣራሉ፤ ባል የሞተባት ከሆነች ደግሞ የመጀመሪያው ባል ልጆች ውርስ መጠበቁን የሚያዩ ሰዎች ይመደባሉ። ፍለጋችንን የቋጨችው ይቺ የልጆቹ ነገር ናት። ከሠርጉ በኋላ ጋብቻው በሥርዓት መፈጸሙን የሚገልጽ ሪፖርት ይቀርባል። እንግዲህ አንድ ጋብቻ አራት ቦታ አሻራ ይተዋል፤ አንዱ ቢጠፋ ሌላው ይገኛል።

የጋብቻ ምስክር ወረቀቱን በሠርጉ የተገኘ ሁሉ ይፈርምበታል። ዘመድ አብዛኛውን ጊዜ በቀኝ በኩል፣ ከሙሽሮቹ ስም ሥር ነው የሚፈርመው። ባለሙያዋ ግን እዚያ ስለፈረመ ብቻ ማንንም ወንድም አላለችም፤ በልደት መዝገብ አመሳክራ ነው። ማሰሪያ ያደረገችው የውርስ ፋይሉን ነው፦ መበለቷ የውርስ አጣሪ ሆና ሳለ ስላገባች ሒሳቡን ያቀረበችው ከአዲሱ ባሏ ጋር ሲሆን፣ የቀድሞም የአሁንም ስሟ አንድ ወረቀት ላይ ሰፍሯል።

የፊላደልፊያ ዓመታዊ ጉባኤ (የአካባቢውን ወርኃዊ ጉባኤዎች የሚያጠቃልለው የበላይ ጉባኤ) መዛግብት ስዋርዝሞርና ሃቨርፎርድ ኮሌጆች ውስጥ ይገኛሉ። በ1827 ኩዌከሮቹ ለሁለት ስለተከፈሉ የአንድ ጉባኤ ደብተሮች ሁለቱም ጋ ሊኖሩ ይችላሉ፤ ከአንዱ ስታጡ ሌላውን ሳታዩ ተስፋ አትቁረጡ።

ጋብቻው በጉባኤው ከሌለ፣ ምናልባት በሌላ ቤተ ክርስቲያን ቄስ ፊት አግብታ ይሆናል። ያኔ ከደንብ ውጭ አገባች ተብላ ስትከሰስ፣ ይቅርታ ስትጠይቅ ወይም ስትባረር ቃለ ጉባኤው አዲሱን ስሟን ብዙ ጊዜ ይጠቅሳል። የጋብቻ መዝገቡን ፊላደልፊያ ባለው በስዊድኖቹ ቤተ ክርስቲያን፣ በግሎሪያ ዴይ፣ መፈለግም ያዋጣል።

ባለሙያዋ የምትሠራው በሰዓት ነው፤ ግምቱን ቀድማ ትነግራለች፣ ካለፈ ሳትጠይቅ አትቀጥልም። የምትልከው የገጹን ፎቶ፣ ቃል በቃል የተገለበጠውን ጽሑፍና የራሷን ድምዳሜ ለየብቻ አድርጋ ነው። ስትደውሉላት የልጆቹን ስምና የልደት ዓመት፣ የሚታወቀውን የመጨረሻ መኖሪያና ከተቻለ የወርኃዊ ጉባኤውን ስም አዘጋጁ። ቀኖቹን እናንተ አትቀይሯቸው፤ መዝገቡ ላይ እንዳለ ላኩላት።