ኤክሴል፣ ኢአርፒኔክስት ወይስ ኦዱ? የዕቃ ዝርዝር መያዣ ንጽጽር ለባሕር ዳር ወርክሾፖች

የኮምባይንድ ዴስክ ጨረታ ላይ ዋጋ ከመሙላትዎ በፊት ስንት ቤርጋ ብረት እንደሚፈልጉ ማወቅ አለብዎት። ይህን የሚነግርዎት የዕቃ ዝርዝሩ፣ ማለትም ቢኦኤሙ ነው። ለአንድ ምርት ምን ምን እንደሚገባና ከእያንዳንዱ ምን ያህል እንደሚፈጅ ይዘረዝራል።

አንድ ዴስክ 7 ሜትር አርኤችኤስ (ባለ አራት ማዕዘን ቱቦ ብረት) ይፈጃል እንበል። 50 ዴስክ 350 ሜትር ይሆናል። ብረቱ ግን የሚሸጠው በ6 ሜትር ቤርጋ ነው። 350ን ለ6 አካፍሎ 59 ቤርጋ የገዛ ሰው ሥራው መሀል ላይ ያጥረዋል፤ የቁራጭ ብክነት አልያዘማ። 5 በመቶ ሲጨመርበት 62 ቤርጋ ይመጣል።

ኤክሴል ይህን ሒሳብ በደንብ ይሠራል። የሚያመርቱት አንድ ሁለት ዓይነት ዕቃ ከሆነ ሌላ አይግዙ፣ ገንዘብዎን ለብረት ያውሉት። ችግር የሚመጣው ዝርዝር በዝርዝር ውስጥ ሲገባ ነው። ለጣና የብረት ጀልባ የሚሠራ ሰው የቀፎው፣ የወንበሩ፣ የሞተር ማቀፊያው ዝርዝር ለየብቻ አለው። ያው ወንበር ሦስት ዓይነት ጀልባ ላይ ከገባና የብረቱ ውፍረት ከተቀየረ፣ ኤክሴል ላይ ሦስቱንም ገጽ እየከፈቱ ማረም ነው። አንዷ ከተረሳች ዋጋው ይበላሻል።

የድርጅት ሥራ ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር የሆነው ኢአርፒኔክስት እዚህ ላይ ይበልጣል። የጸደቀ ዝርዝር ተሰርዞ አይጻፍበትም፤ አዲስ ይወጣና አሮጌው ያለበት ቦታ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይተካል። በቤርጋ ገዝቶ በሜትር ማውጣትም ይቻላል። ሶፍትዌሩ ከነሒሳብ መዝገቡ ነጻ ነው። ግን የሚሠራው ሊኑክስ ላይ ስለሆነ የሚተክልልዎት ሰው ያስፈልጋል። ለዚያ ሰው የሚከፍሉትን ዋጋው ውስጥ ያስገቡት።

ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራው ሶፍትዌር ኦዱ ለዓይንም ለእጅም ይቀላል፤ ዊንዶውስ ላይም ይጫናል። ነጻው ቅጂ የዕቃ ዝርዝርና የምርት ትዕዛዝ አለው። የዝርዝር ለውጥን የሚቆጣጠረው ክፍልና የተሟላው የሒሳብ መዝገብ ግን በተጠቃሚ ቁጥር የሚከፈልበት ቅጂ ውስጥ ናቸው። ሻጩ የሚያሳይዎት የትኛውን ቅጂ እንደሆነ በግልጽ ይጠይቁት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው።

እኔ ብሆን ተደራራቢ ዝርዝር ላለው ወርክሾፕ ኢአርፒኔክስትን እመርጣለሁ። ኦዱን የምመርጠው ሾውሩም ላለውና ሽያጩ ለሚበዛ ነው።

ሁለቱም የራስዎ ኮምፒውተር ላይ ሊቀመጡ ይችላሉ። እዚህ ኔት ሲጠፋ ሥራ እንዳይቆም ይህንኑ ይምረጡ። መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን ለጊዜው የሚያቆይ ዩፒኤስ ይግዙ፤ ማታ ማታ የመረጃዎን ቅጂ በውጭ ሃርድ ዲስክ ይያዙ።

ከመክፈልዎ በፊት የራስዎን ምርት ዝርዝር ለሻጩ ይስጡት። ፊትዎ ያስገባው። ከዚያ የአንዱን ብረት ውፍረት ቀይሮ አዲሱን ዋጋ ያሳይዎት።