ለአራት ኪሎዋ ሲስተር ምስጋና፣ ለአራስ ቤቶች ጥቆማ

አራት ኪሎ አካባቢ ባለው ጤና ጣቢያ፣ በድህረ ወሊድ ክትትል ክፍል የምትሰራውን አዋላጅ ነርስ በሙያ ባልደረቦቿ ስም ከልብ እናመሰግናለን። ስሟ እንዲጻፍ ስላልፈለገች «ሲስተር» እንላታለን። ጨቅላችሁ ክብደት አልጨምር ካለ ወደ እሷ ሂዱ።

ከሁሉ በፊት ሚዛኑን ታጣራለች። ዜሮ ላይ መሆኑን አይታ፣ ልጁን ዳይፐሩን ጭምር አስወልቃ ትመዝናለች፤ የረጠበ ዳይፐርና ሹራብ ብቻ ከ100 ግራም በላይ ይይዛል፣ ያ ደግሞ የሦስትና የአራት ቀን ጭማሪ ነው። 3,200 ግራም የተወለደ ልጅ በሦስተኛው ቀን 3,000 ቢሆን እናቱን አታስደነግጥም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት 7 በመቶ ያህል መቀነስ ያለ ነው። ወደ 10 በመቶ ከተጠጋ፣ ማለትም ይኸው ልጅ ወደ 2,880 ከወረደ ግን ዝም ብላ አትሸኝም። በ14 ቀኑ የተወለደበትን ክብደት መመለስ፣ ከዚያም በቀን ከ20 እስከ 30 ግራም መጨመር አለበት።

ዋናው ሙያዋ ከሚዛኑ በኋላ ነው። «እስቲ አጥቢልኝና ልየው» ብላ አጠገብ ትቀመጣለች፤ ልጁ ጡቱን እስኪለቅ አትነሳም። አገጩ ጡቱን ነክቷል? የታችኛው ከንፈሩ ወደ ውጭ ተገልብጧል? የያዘው ጫፉን ብቻ ነው ወይስ ዙሪያውን ያለውን ጥቁር ክፍልም? ጫፉን ብቻ የያዘ ልጅ አንድ ሰዓት ቢጠባም በቂ ወተት አያገኝም። የእናትየው ጡት ይቆስላል፣ ሕመሙን ፈርታ ቶሎ ታስለቅቀዋለች፣ በደንብ ያልተጠባ ጡት ደግሞ ወተቱ ይቀንሳል። «ወተቴ አይበቃም» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ይጀምራል። ሲስተር በልጁ አፍ ጥግ ጣቷን አስገብታ ታላቅቀዋለች፤ ሆዱን ከእናቱ ሆድ ታጋጥማለች፤ አፍንጫውን ከጫፉ ትይዩ አድርጋ አፉን በሰፊው እስኪከፍት ትጠብቅና ያኔ ታስጠጋዋለች። ቶሎ ቶሎ ይስብ የነበረው ልጅ ረጋ ብሎ ዋጥ ሲያደርግ ይሰማል።

እንቅልፋሙን ፎጣውን ፈትታ ከእናቱ ገላ ጋር ታለጥፈዋለች። በ24 ሰዓት ከ8 እስከ 12 ጊዜ መጥባት አለበት፣ ሌሊቱም ይቆጠራል። ከአምስተኛው ቀን በኋላ በቀን ስድስትና ከዚያ በላይ ዳይፐር ካረጠበ፣ ጥቁሩ ካካውም ወደ ቢጫ ከተለወጠ ወተቱ እየገባ ነው።

አያቶችን የምታስረዳበት መንገድ በተለይ ደስ ይለናል። ቅቤ ለማስላስ ለተዘጋጁት እናት «እማማ፣ የእሱ ቅቤ እንገሩ ነው» ትላቸዋለች፣ በአክብሮት። ያቺ ትንሽ ሆድ በቅቤ ወይም በስኳር ውሃ ከሞላች ጡት አይፈለግም፤ ተቅማጥም ይከተላል። ተጨማሪ ምግብ ካስፈለገም ቅድሚያ የምትሰጠው ለታለበ የእናት ወተት ነው፤ በጡጦ ሳይሆን በንጹህ ሲኒ። ዱቄት ወተት የግድ የሚሆንበት ጊዜ ስላለ ያንንም አትከለክልም፣ ምክንያቱን ግን ትጠይቃለች።

ስትሄዱ የተወለደበት ክብደት የተጻፈበትን ካርድ ያዙ፤ ልጁም እዚያ ሲደርስ የሚጠባበት ሰዓት ቢሆን ጥሩ ነው። ጡት መሳብ ካቃተው፣ ካተኮሰው ወይም ሰውነቱ ከቀዘቀዘ፣ በደቂቃ 60 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ፣ መዳፉና ውስጥ እግሩ ቢጫ ከሆነ ግን የሲስተርን ተራ አትጠብቁ፤ በቀጥታ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።