አረፋው የማን ነው? ዶም ፔሪኞን ወይስ ሜሬት

ሻምፓኝ ሲባል ሁሉም ሰው ፈረንሳዊው መነኩሴ ዶም ፔሪኞን ፈጠረው ነው የሚለው፣ ጠርሙሱ ላይ ስሙ ስላለ መሰለኝ። ግን መነኩሴው ኦቪሌ ገዳም የወይን ጓዳ ኃላፊ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1668 ነው፣ እንግሊዛዊው ሀኪም ክሪስቶፈር ሜሬት ደግሞ በ1662 ለንደን ላይ ለሮያል ሶሳይቲ (ለሳይንስ ማህበሩ) ባቀረበው ጽሁፍ ነጋዴዎች ወይኑ ላይ ስኳርና ሞላሰስ እየጨመሩ አረፋ እንደሚያስወጡት ተናግሮ ጨርሷል። ጠርሙሱም ቢሆን የእንግሊዞቹ ይሻል ነበር፣ በድንጋይ ከሰል እሳት ስለሚሰራ ወፍራምና ጠንካራ ነው፣ ግፊቱን ይችላል፣ የፈረንሳዮቹ ግን ጓዳ ውስጥ ይፈነዳ ነበር። መነኩሴውማ ጭራሽ አረፋውን ለማጥፋት ነበር የሚታገለው! ሻምፓኙን ሲቀምስ "ከዋክብት እየጠጣሁ ነው" አለ የምትባለዋም ከሞተ ከስንት ዘመን በኋላ የመጣች ተረት ናት።

ታዲያ ምንም አልሰራም ማለት ነው? ኧረ ሰርቷል፣ ጣዕም ላይማ ለኔ ሜሬት አጠገቡም አይደርስ፤ ከተለያየ ማሳ የመጣውን ወይን ማደባለቅ፣ ሀረጉን አሳጥሮ መግረዝ፣ ከሁሉ ደግሞ የጥቁር ወይን ፍሬ ልጣጩ ቀለም እንዳይለቅ ቀስ አድርጎ ጨምቆ ነጭ ማውጣት፣ ይሄ ቀላል ስራ እንዳይመስላችሁ። ሜሬት እኮ ራሱም አልፈለሰፈውም፣ ሌሎች የሚያደርጉትን ነው የጻፈው።